የአንባቢያን ጥያቄ፦ እጀታዋ ያጠረ የብር ማንኪያ

ጥያቄ፦ ውድ አዘጋጅ፣ የምኖረው ለንደን ነው። ባለፈው ዓመት በቅዳሜ ገበያ ከአንድ የአሮጌ ዕቃ ነጋዴ ስድስት ማንኪያዎች በአንድ ላይ ገዛሁ። አምስቱ እርስ በርሳቸው የሚመሳሰሉ የሻይ ማንኪያዎች ናቸው። ስድስተኛዋ ግን ከአውራ ጣቴ ብዙም የማትረዝም፣ ጎድጓዳ ክፍሏ እንደ ባሕር ዛጎል የተሸነሸነ፣ እጀታዋም አለቅጥ ያጠረ ናት። ከጀርባዋ ያለ አጉሊ መነጽር የማይለዩ አምስት ጥቃቅን ምልክቶች አሉባት፤ ከእነርሱም መልሕቅና አንበሳ የሚመስሉትን ለይቻለሁ። ነጋዴውን ብጠይቀው «የሕፃን ማንኪያ ትሆናለች» ብሎ አለፈኝ። ለመሆኑ ምን ዓይነት ማንኪያ ናት? ዕድሜዋን ማወቅ ይቻላል ወይ? ዝገቷንስ ልወልውለው? እንዲህ ያሉትን መሰብሰብ ብጀምር መጠንቀቅ ያለብኝ ከምንድን ነው?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ እጅዎ የገባችው ማንኪያ የሕፃን አይደለችም። እንግሊዞች ደረቅ የሻይ ቅጠል ከሣጥኑ እየጨለፉ ወደ በራዱ ይሰፍሩባት የነበረች መጨለፊያ ናት። እጀታዋ ያጠረው ከቅጠሉ ጋር እዚያው ሣጥኑ ውስጥ ተቀምጣ ክዳኑ እንዲዘጋባት ነው። በእኛ ቤት ቅጠሉ ከቅርንፉድና ከቀረፋ ጋር በዓይን ግምት ውኃው ላይ ስለሚበተን ለመስፈሪያ ብቻ የተሠራ የብር ዕቃ ቅንጦት ሊመስል ይችላል፤ ነገሩ የሚገባን ሻይ በዚያ ዘመን በእንግሊዝ አገር ምን ያህል ውድ እንደነበር ስናስብ ነው። የሻይ ሣጥን ቁልፍ ነበረው፤ ቁልፉን የምትይዘውም የቤቱ እመቤት እንጂ ሠራተኛዋ አልነበረችም። ሣጥኑ በእንግሊዝኛ የሚጠራበት «ካዲ» የተባለው ስም ራሱ «ካቲ» ከሚለው የማላይ ቃል የመጣ ሲሆን፣ ይህም 600 ግራም ገደማ የሚሆን የሻይ መመዘኛ ነበር። ጠቅላይ ሚኒስትር ዊልያም ፒት በ1784 (እዚህም ሆነ ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በሻይ ላይ የተጣለውን ቀረጥ ከመቶ 119 ወደ መቶ 12.5 ሲያወርዱት ሻይ ወደ ብዙ ቤት ገባ፤ ሣጥኑም መጨለፊያውም አብረው በዙ።

ከዚያ በፊት ቅጠሉ የሚሰፈረው በሣጥኑ ቆብ መሰል ክዳን ነበር። አጫጭሮቹ መጨለፊያዎች መታየት የጀመሩት ከ1760ዎቹና ከ1770ዎቹ ወዲህ ነው፤ ይህን ዘመን በአእምሮዎ ይያዙልኝ፣ ወደ በኋላ ስለ ሐሰተኞቹ ስንነጋገር ይጠቅመናል። የዛጎሉን ቅርጽ በተመለከተ፣ ከቻይና በሚመጡት የሻይ ሣጥኖች ውስጥ ገዢ ቅጠሉን እያነሣ እንዲያይበት እውነተኛ የባሕር ዛጎል ይደረግ ነበር፣ ብር ሠሪዎቹም ያንኑ ቀዱ ተብሎ ይተረካል። ምንጩ ያም ሆነ ይህ፣ ዛጎል ከሁሉ የበዛው ቅርጽ ነው። ከእርሱ ሌላ የወይን ቅጠል፣ አካፋ፣ የሰው እጅ፣ የንስር ክንፍ፣ ዓሣ፣ እንዲሁም ሰብሳቢዎች አብዝተው የሚሹት የፈረስ ጋላቢ ቆብ አለ።

መልሕቁ የበርሚንግሃም ከተማ ምልክት ነው። ባሕር በሌላት ከተማ መልሕቅ ምን ይሠራል ቢሉ፣ የበርሚንግሃምና የሼፊልድ ሰዎች የየራሳቸውን የብር መፈተሻ ቤት ለማስፈቀድ ለንደን ላይ የሚሰበሰቡበት መጠጥ ቤት ስም «ዘውድና መልሕቅ» ስለነበር ሁለቱን ምልክቶች ተካፈሏቸው ይባላል፤ ለሼፊልድ ዘውዱ ደረሳት። የተረጋገጠው ነገር የበርሚንግሃም መፈተሻ ቤት በ1773 በፓርላማ ሕግ መቋቋሙና ለዚህም አጥብቆ የተከራከረው የፋብሪካ ባለቤቱ ማቲው ቦልተን መሆኑ ነው፤ እስከዚያ ድረስ የከተማዋ ብር ሠሪዎች ዕቃቸውን ለማስፈተሽ እስከ ቼስተር ወይም እስከ ለንደን መላክ ነበረባቸው። መፈተሻው ደጃቸው ከመጣ በኋላ ጥቃቅን የብር ዕቃ መሥራት አዋጪ ሆነላቸው። ሳሙኤል ፔምበርተን፣ ጆሴፍ ቴይለር፣ ማቲው ሊንዉድ፣ ኮክስና ቤትሪጅ የተባሉት ሠሪዎች በስስ የብር ገበታ ላይ በቅርጽ ማተሚያ እየመቱ እነዚህን መጨለፊያዎች በብዛት አወጡ። የበርሚንግሃም መጨለፊያ ቀላልና ስስ የሚሆነው በዚህ ምክንያት ስለሆነ፣ የእርስዎም ማንኪያ በእጅ ሲይዟት እንደ ወረቀት ብትቀልልዎ በዚህ ብቻ አይጠርጥሯት።

አሁን ወደ አምስቱ ምልክቶች እንምጣ። የሚራመደው አንበሳ ብሩ ከ1,000 እጅ 925ቱ ንጹሕ ብር መሆኑን ይመሰክራል፤ ለንጽጽር ያህል አያቶቻችን የሚያውቁት የማርያ ቴሬዛ ጠገራ ብር 833 ነው። መልሕቁ የተፈተሸበትን ከተማ ይነግርዎታል። ሦስተኛው የሠሪው ስም መነሻ ፊደላት ናቸው። አራተኛው አንድ ነጠላ ፊደል ሲሆን ዓመቱን የሚያመለክተው እርሱ ነው፤ ፊደሉ በየዓመቱ እየተለወጠ ይሄድና ዙሩ ሲያልቅ የፊደሉ አጣጣልና የተቀመጠበት ጋሻ ቅርጽ ተለውጦ እንደገና ይጀመራል። እዚህ ላይ ጀማሪዎች ሁሉ የሚሰናከሉበት ነገር አለ። እያንዳንዱ ከተማ የራሱ ዙር ስላለው በለንደን አንድን ዓመት የሚያመለክት ፊደል በበርሚንግሃም ፈጽሞ ሌላ ዓመት ይሆናል። ስለዚህ መጀመሪያ ከተማውን ለይተው ከዚያ በኋላ የዚያኑ ከተማ የዓመታት ሰንጠረዥ ይክፈቱ፤ ሰንጠረዦቹ በኪስ መጽሐፍ መልክ ታትመው በማናቸውም የእንግሊዝ አሮጌ ዕቃ ገበያ ይሸጣሉ።

አምስተኛው ምልክት የንጉሥ ወይም የንግሥት ራስ ሳይሆን አይቀርም። ይህ በብር ላይ የተጣለ ቀረጥ መከፈሉን የሚያሳይ ሲሆን የተመታው ከ1784 እስከ 1890 ብቻ ነው። ፊቱ ወደ ቀኝ የዞረ ከሆነ ከቪክቶሪያ በፊት ከነገሡት ወንዶች የአንዱ፣ ወደ ግራ የዞረ ከሆነ የንግሥት ቪክቶሪያ ነው፤ ንግሥቲቱ የነገሡት በ1837 ነውና ሰንጠረዡን ከመክፈትዎ በፊት በዚህች ምልክት ብቻ ግማሽ መንገድ ደረሱ ማለት ነው። አንድ ልዩ ሁኔታ አለ። በመጀመሪያዎቹ ወራት፣ ከ1784 መጨረሻ እስከ 1786፣ የንጉሥ ጆርጅ 3ኛ ራስ ወደ ግራ የዞረና ከብሩ ወለል በታች ጠልቆ የተቀረጸ ነበር። እንደዚህ ያለውን ያገኘ ሰብሳቢ ደስ ሊለው ይገባል።

ገንዘብዎን የሚያጡት በምን እንደሆነ ጠይቀዋል። መልሴ አጭር ነው፦ ቅርጹና ማህተሙ የማይስማሙ ዕቃ በመግዛት። ሐሰተኛ መጨለፊያ የሚሠራ ሰው ብዙውን ጊዜ የውሸት ማህተም አይመታም፤ ያ ከባድ ወንጀልም ነው፣ ለባለሙያ ዓይንም ቶሎ ይጋለጣል። የሚያደርገው እውነተኛ ማህተም ያለበትን ርካሽ የሻይ ማንኪያ አንሥቶ እጀታውን መቁረጥና ጎድጓዳውን ቀጥቅጦ ዛጎል ወይም ቅጠል ማስመሰል ነው። እንዲህ ያለው ዕቃ ብሩም እውነተኛ፣ ማህተሙም እውነተኛ ሆኖ ሳለ ዕቃው ግን ሐሰት ነው። የእንግሊዝ ሕግም፣ በተለይ የ1973ቱ የማህተም አዋጅ፣ ማህተም ያለበትን ዕቃ ያለ መፈተሻ ቤት ፈቃድ መለወጥን ይከለክላል።

እነዚህን ለመለየት የሚረዱ ነገሮች አሉ። በተራ ማንኪያ ላይ ማህተሙ እስከ 1780 ገደማ ድረስ ከጎድጓዳው አጠገብ፣ በእጀታው ቀጭን አንገት ላይ ይመታ ነበር፤ ከዚያ በኋላ ወደ እጀታው ጫፍ ተዛወረ። እጀታው ሲቆረጥ የጫፉ ማህተም አብሮ ስለሚሄድ ለአስመሳዩ የሚመቹት አንገታቸው ላይ የተመቱት የቆዩ ማንኪያዎች ናቸው፤ ጎድጓዳው ሲቀጠቀጥ ግን አጠገቡ ያለው ማህተም ይለጠጣል ወይም ይጣመማል። ስለዚህ በመጨለፊያ አንገት ላይ ተንጋድዶ የቆመ አንበሳ ሲያዩ ኪስዎን ይዝጉ። ከላይ በአእምሮዎ ይያዙ ያልኩት ዘመን የሚጠቅመውም እዚህ ላይ ነው፦ የ1740 ማህተም ያለው መጨለፊያ ቢያቀርቡልዎ፣ ያን ጊዜ እንዲህ ያለ ዕቃ አልተለመደም ነበርና ዕድሜው ራሱ ይከስሰዋል። ሌላው ዘዴ በገበያ መካከል ቆመው ሊያደርጉት የሚችሉት ነው፤ ማንኪያውን አፍዎ ላይ አስጠግተው «ሃ» ብለው ይተንፍሱበት። እንፋሎቱ ብሩን ሲያደበዝዘው ወዲያው ያልታየ የብየዳ መስመር ወይም የተፋቀ የባለቤት ስም ፊደል ለቅጽበት ብቅ ይላል። ስም የተፋቀበት ቦታ ደግሞ ስለሚሳሳ በአውራ ጣት ቀስ ብለው ሲጫኑት እሽ ይላል።

ከሁሉ በላይ በሐሰት የተሠራው የፈረስ ጋላቢው ቆብ ነው፤ ዋጋው ከፍ ያለው እርሱ ነዋ። በእኔ አስተያየት ጀማሪ ሰብሳቢ ቢያንስ ለመጀመሪያዎቹ ዓመታት ቆቡንም የንስሩንም ክንፍ ለባለጸጎች ትቶ፣ ማህተማቸው ጥርት ያለ፣ አንገታቸው ያልተሰነጠቀ፣ ጌጣቸው በውልወላ ያልተላጠ ተራ ዛጎሎችን ቢይዝ ብዙ ይማርባቸዋል። የእርስዎ ዛጎል በትክክል የዚህ ዓይነት ይመስለኛል። የተሰነጠቀ ቢያገኙ ደግሞ በርካሽ ገዝተው ሳያስጠግኑ ያቆዩት፤ እርሳስ ባለበት ብየዳ የተጠገነ ብር ከተሰነጠቀው ይልቅ ዋጋው የወደቀ ነው።

የሠሪ ስም የሚያስወድዳቸውም አሉ። ከእነርሱ የታወቀችው ሄስተር ቤትማን ናት። ባሏ በ1760 ሲሞት ሥራውን ተረክባ በ1761 የራሷን ምልክት በለንደኑ የወርቅ ሠሪዎች አዳራሽ አስመዘገበች፤ ስሟን መጻፍ የማትችል ሴት ሆና ሳለ ኤች እና ቢ የተባሉት የላቲን ፊደላት በእጅ ጽሕፈት አጣጣል የተቀረጹበት ምልክቷ ዛሬ የሻይ ማንኪያውን ዋጋ ከጓደኞቹ ከፍ ያደርገዋል። የልጆችዋንና የምራትዋን ሥራ ሁሉ በእርሷ ስም የሚሸጡ ስላሉ ግን ፊደላቱን በዓይንዎ ሳያዩ ስሟን ብቻ ሰምተው አይክፈሉ።

ገበያ ሲወጡ ሊያጋጥምዎ የሚችል ሌላ የሻይ ማንኪያ ልጨምርልዎ፤ እኔ በግሌ ከሁሉ የምወደው እርሱን ነው። ጎድጓዳው እንደ ወንፊት የተበሳሳ፣ እጀታው ቀጭንና ረዥም፣ ጫፉ እንደ ጦር የሾለ ነው። በተበሳሳው ጎድጓዳ ሲኒ ላይ የተንሳፈፈውን የቅጠል ብናኝ ይጠልሉበታል፤ በሾለው ጫፍ ደግሞ የበራዱን አፍ የደፈነውን ቅጠል ይወጉበታል። ይህ ከ1690ዎቹ ጀምሮ በ18ኛው ምዕተ ዓመት ሲሠራበት ቆይቶ ማጥለያው ሲለመድ የቀረ ዕቃ ነው። ብዙ ጊዜ ማህተሙ ያልተሟላ በመሆኑ ቅርጹና ማህተሙ ይስማሙ ብዬ ከላይ የሰጠሁዎት ምክር እዚህ ላይ ላላ ይላል። ተራ የሻይ ማንኪያ በቅርብ ጊዜ ተበስቶ የሚሸጥበትም አጋጣሚ አለ። የቀዳዳዎቹን ጠርዝ በጣትዎ ይዳስሱ፤ ሁለት መቶ ዓመት ያገለገለ ቀዳዳ ለስላሳ ነው፣ ትናንት የተበሳው ግን ጣት ይቧጭራል።

በመጨረሻም «ዝገት» ያሉት ዝገት አይደለም፤ ብር በአየር ውስጥ ካለ የድኝ ውህድ ጋር ሲገናኝ ይጠቁራል። ለብ ባለ ውኃና በጥቂት የዕቃ ሳሙና አጥበው በለስላሳ የጥጥ ጨርቅ ያድርቋት፤ ከዚያ በኋላ በዓመት አንድ ጊዜ በብር መወልወያ ጨርቅ መዳሰስ ይበቃታል። በዛጎሉ ሽንሽኖች ውስጥ የቀረውን ጥቁረት አይንኩት፤ ጌጡ ጎልቶ የሚታየው በእርሱ ነው። በአመድ ወይም በሸካራ ሽቦ የምትታሽ ስስ ማንኪያ በጥቂት ዓመታት አንበሳዋን ታጣለች፤ አንበሳዋን ያጣች ማንኪያ ደግሞ በሚዛን ከሚሸጥ ቁራጭ ብር የምትሻልበት ነገር የለም። ዕንቁላል፣ ሽንኩርትና ጨው ካለበት ኩሽና አርቀው ያስቀምጧት፤ በላስቲክ አይሰሯት፣ በጋዜጣም አይጠቅልሏት።

ጥያቄ፦ ከአዲስ አበባ ነው የምጽፈው። ከባለቤቴ አያት የወረስናቸው በቆዳ ሣጥን ውስጥ የተደረደሩ 12 የሻይ ማንኪያዎች አሉን። አንድ ወርቅና ብር ሠሪ አይቷቸው «ጥሩ ብር ነው፣ አቅልጬ አምባር ልሥራላችሁ» አለን፤ ሌላው ደግሞ «ምንም ብር የለውም» ብሎ መለሰልን። በጀርባቸው አራት የላቲን ፊደላት በየራሳቸው ትንሽ ጋሻ ውስጥ ተመትተዋል፤ ሲነበቡ ኢ፣ ፒ፣ ኤን፣ ኤስ ናቸው። የትኛውን ሰው እንመን?

መልስ፦ ሁለተኛው ለእውነቱ ይቀርባል። አራቱ ፊደላት «በኤሌክትሪክ የተለበጠ የኒኬል ብር» የሚል ትርጉም ያለው የእንግሊዝኛ ሐረግ ምኅጻር ናቸው። ውስጡ የመዳብ፣ የኒኬልና የዚንክ ቅልቅል ሲሆን፣ ስሙ «የኒኬል ብር» ወይም «የጀርመን ብር» ቢባልም በውስጡ ብር የለበትም፤ ብሩ ከላይ ያለው ስስ ልባስ ብቻ ነው። ዘዴው በንግድ ደረጃ የተስፋፋው የበርሚንግሃሙ የኤልኪንግተን ድርጅት የባለቤትነት መብቱን በ1840 ካስመዘገበ ወዲህ ስለሆነ ማንኪያዎቻችሁ ከዚያ የሚቀድሙ ሊሆኑ አይችሉም። ፊደላቱን በየጋሻው ለይተው የመቱት ከሩቅ ላየው ሰው የእውነተኛ ብር ማህተም እንዲመስሉ ነው። ከፊደላቱ ጎን ዘውድ እንኳ ብታዩ፣ የሚራመደው አንበሳ ከሌለ ዘውዱ ብቻውን ምስክር አይሆንም።

ከማህተሙ ሌላ ማረጋገጫ ከፈለጋችሁ ማንኪያውን ገልብጣችሁ ጠረጴዛ ላይ ሲቀመጥ የሚነካውን የጎድጓዳውን ሆድ ተመልከቱ። ልባሱ መጀመሪያ የሚያልቀው እዚያ ነውና ቢጫ ወይም ግራጫ የሆነ ሌላ ቀለም ይታያችኋል። ፈታሹ አሲድ ይንካው ቢላችሁ ላዩን ሳይሆን በማይታይ ቦታ ተፍቆ ውስጡ እንዲነካ ጠይቁ፤ ልባሱ ላይ ብቻ ያረፈ አሲድ ብር ነው ብሎ ያሳስታል፤ ምናልባት የመጀመሪያውን ሰው ያሳሳተውም ይኸው ይሆናል።

ለማቅለጥ ግን በምንም መንገድ አትስጧቸው፤ ከሚወጣው ብር ይልቅ የከሰሉ ዋጋ ይበልጣል። እንደገና ማስለበጥም አያስፈልጋቸውም። አሥራ ሁለቱም ሳይጎድሉ ከነሣጥናቸው መገኘታቸው ብርቅ ነውና ለእንግዳ ሻይ አቅርቡባቸው፤ የተሠሩትም ለዚሁ ነው።

ጥያቄ፦ በያፋ የአሮጌ ዕቃ ገበያ ከሩሲያ ከመጡ አዛውንት ጥቁር የአበባ ጌጥ ያለበት የሻይ ማንኪያ ገዛሁ። «የቄሳር ዘመን ነው» ብለውኛል። ማህተሙ ኮከብና 875 የሚል ቁጥር ነው። እውነት የቄሳር ዘመን ነው?

መልስ፦ ማንኪያው እውነተኛ ብር ነው፤ የቄሳር ዘመን ግን አይደለም። በሩሲያ ቄሳሮች ዘመን የብር ጥራት የሚለካው ንጹሑን 96 አድርጎ በሚቆጥር «ዞሎትኒክ» በተባለ መለኪያ ስለነበር በተለመደው የሻይ ማንኪያ ላይ የሚመታው 84 ነበር። 84ን ለ96 ሲያካፍሉት 0.875፣ ማለትም ከ1,000 እጅ 875 ይመጣልና ብሩ ያው ሆኖ የአጻጻፉ ሥርዓት ብቻ ነው የተለወጠው። በሺህ የሚቆጠረው አጻጻፍ የሶቪየት ነው፤ መዶሻና ማጭድ ያለበት ኮከብ ደግሞ ከ1958 ወዲህ የመጣ ነው። ወደፊት የቄሳር ዘመን ማንኪያ ሲፈልጉ ከ84 ጎን የአገሩን ባህላዊ የራስ ጌጥ ያደረገች ሴት ራስ ይፈልጉ፦ ፊቷ ወደ ግራ ከሆነ ከ1908 በፊት፣ ወደ ቀኝ ከሆነ ከዚያ በኋላ ነው፤ በኋለኛው ላይ አልፋ የሚለው የግሪክ ፊደል ቅዱስ ፒተርስበርግን፣ ዴልታ ሞስኮን ያመለክታል።

በያዙት ግን አይዘኑ። ጥቁሩ ጌጥ ቆሻሻ አይደለም፤ ብር፣ መዳብና እርሳስ ከድኝ ጋር ቀልጠው በቅርጹ ጭረቶች ውስጥ የተሞሉበት የቆየ ጥበብ ነው፣ በሰሜን ሩሲያ የምትገኘው የቬሊኪ ኡስትዩግ ከተማም በዚህ ሥራ ትታወቃለች። ጥቁረቱ ራሱ የድኝ ውህድ ስለሆነ ጥቁረት በሚያስለቅቅ ፈሳሽ ውስጥ፣ ወይም በአሉሚኒየም ወረቀትና በሶዳ ዘዴ ቢነክሩት የብሩን እድፍ ከጌጡ ለይቶ አያውቅምና አበባውን አብሮ ይበላዋል። በደረቅ የጥጥ ጨርቅ ብቻ፣ ያውም ጌጥ የሌለበትን ቦታ ብቻ ይወልውሉ።